ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፦ ከዳላስ እስከ ሃል የሰባት ቀን ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ዳላስ

ነገሩን የጀመረችው ልጄ ናት። የዛሬ ዓመት ገደማ ቤት ሰልችቷት ስትነጫነጭብኝ መሃል ከተማ ወዳለው የዳላስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ወሰድኳት። ሥዕል ወድጄ እንዳይመስላችሁ። መግቢያው ነፃ ስለሆነ ነው። የመኪና ማቆሚያ ብቻ ከፍዬ ልጅ ግማሽ ቀን የማዞርበት ሌላ ቦታ አላውቅም። ክፍል ለክፍል ስንዞር እሷ አንዱ ጋ ቆመችና ሆዷን ይዛ መሳቅ ጀመረች። «አባዬ፣ ይቺን ሴትዮ እያት! ልታስመልስ ነው እኮ!»

ቀና ብዬ አየሁ። መርከብ ላይ የተደገሰ የዳንስ ግብዣ ነው። ሴቶቹ ሰፋፊ ቀሚስ ለብሰዋል፣ ወንዶቹም ተሽቀርቅረዋል። ችግሩ፣ ባሕሩ ሳይጋበዝ መጥቷል። መርከቡ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል፣ ዳንሱ ቀርቷል፣ ያ ሁሉ ክብር ከነቀሚሱ ቁልቁል እየተንሸራተተ ነው። ርዕሱ በግርድፉ ሲተረጎም «የባሕር ሕመም በዳንስ ግብዣ ላይ፣ በአንድ የእንግሊዝ ኮርቬት» ይላል። ኮርቬት ትንሽ የጦር መርከብ ናት። የተሣለው በ1857 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሠዓሊው ፍራንሷ-ኦጉስት ቢያር የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ፈረንሳዊ ቁጭ ብሎ እንግሊዞችን እያስመለሰ ሲሥል ምን ያህል ደስ ብሎት እንደነበር አስቡት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውዬው ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። እኔ የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ። ማታ ማታ ማረፊያ ቦታ ላይ ቆሜ ስልኬን እነካካለሁ። ሌላው ኳስ ያያል፣ እኔ ቢያርን ፈለግኩ። በ1799 ሊዮን ተወለደ። በወጣትነቱ የግድግዳ ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ ሠርቷል። በ1820ዎቹ መጨረሻ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል የሥዕል አስተማሪ አድርጎ ቀጠረውና ሜዲትራኒያንን ዞረ። የጦር መርከብ ላይ የሥዕል አስተማሪ! እንዲህ ያለ ሥራ ዛሬ ቢኖር እኔም ባመለከትኩ። ከዚያ በ1839 ወደ ሰሜን ዋልታ አጠገብ፣ በ1858 ደግሞ ወደ ብራዚል ሄደ። በየመሃሉ ተራ ሰው እየሣለ ፓሪስን ያስቅ ነበር። ተጓዥ ተዋንያን፣ ዘብ፣ ባለሥልጣን፣ መንገደኛ፣ ማንም አይቀረውም። ሕዝቡ ሥዕሎቹ ፊት ይጋፋል፣ ሐያሲዎቹ ደግሞ አፍንጫቸውን ይነፋሉ።

ዛሬ ልሄድ ነው። የሁለት ሳምንት ዕረፍት ወስጄ፣ ፓሪስ ከዚያ በመርከብ ወደ እንግሊዝ፣ ሥዕሎቹን እየተከተልኩ። ባለቤቴ ሻንጣዬን እያየች «ሰው ለዕረፍት አገር ቤት ይሄዳል፣ አንተ ሰው ሲያስመልስ የሣለ ሰውዬ ፍለጋ ትሄዳለህ» አለች። መልስ አልነበረኝም። ጠዋት ከልጄ ጋር ሥዕሉን ተሰናበትን። እሷ አሁንም ሳቀች።

ኤርፖርት ሆኜ አዲስ አበባ ደወልኩ። አባቴ የድሮ ባሕር ኃይል ናቸው። ምጽዋ ላይ፣ «ኢትዮጵያ» የምትባለዋ መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ነው ወጣትነታቸው ያለቀው።

«አባባ፣ መርከብ ልሳፈር ነው» አልኳቸው።

«ስንት ቀን?»

«አራት ሰዓት።»

«እሱማ መርከብ አይባልም፣ ድልድይ ነው» አሉና ሳቁ። ከዚያ ኮስተር ብለው፦ «ስማኝ አንተ ልጅ። ሆድህን ባዶ አታድርግ፣ አታጭቀውም። ዝንጅብል ያዝ። ታች አትውረድ። ላይ ሁንና ሰማይና ባሕር የሚገናኙበትን መስመር እያየህ ሂድ።»

እሺ አልኳቸው። በሆዴ ግን ሳቅሁ። አሥራ ሁለት ዓመት መንገድ ላይ ኖሬ አንድም ቀን አቅለሽልሾኝ አያውቅም።

እሑድ፣ ፓሪስ

ደረስኩ። እንቅልፍ የለም። ሆቴሉ ክፍል ውስጥ አልጋው ከገባ ሻንጣው አይገባም። ቡና ጠጣሁ፣ ዳቦ በላሁ፣ ተኛሁ። የዛሬው ይኸው ነው።

ሰኞ፣ ሉቭር

ሁለት ሥዕሎች ልፈልግ ነው ሉቭር፣ ትልቁ የፓሪስ ሙዚየም፣ የገባሁት። የመጀመሪያውን አገኘሁት። ማግዳሌና የባሕር ወሽመጥ፣ ስፒትስበርገን (ያቺ ሰሜን ዋልታ አጠገብ ያለች ደሴት)፣ በ1841 የቀረበ። በረዶ፣ ጨለማ፣ ከላይ አረንጓዴና ቀይ ብርሃን ሰማዩን ሰንጥቆ ይወርዳል። ከታች በረዶው ላይ ትንንሽ ሆነው የሚታዩት ሰዎች ያለቀላቸው ናቸው። በዚህ ላይ ማንም አይስቅም። ዳላስ ያለውን የሣለው እጅ ይህን ሣለ ቢሉኝ አላምንም ነበር።

ግን አንድ ነገር ገረመኝ። ቢያር ማግዳሌና የደረሰው በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ ነው፣ «ላ ሩሼርሽ» በምትባል ኮርቬት፣ ከሳይንቲስቶች ጋር። እዚያ አካባቢ በዚያ ወቅት ፀሐይ ጭራሽ አትጠልቅም። ሌሊት የለም ማለት ነው። ሌሊት ከሌለ ደግሞ ያ የሰማይ ብርሃን አይታይም። ወደ ደቡብ ሲመለስ፣ ላፕላንድ ላይ (የስካንዲኔቪያ ሰሜን ጫፍ ነው) አይቶት ሊሆን ይችላል። እዚህ ያመጣው ግን ራሱ ነው። ሰውዬው ቅመም መጨመር ይወዳል። ይህን ያዙልኝ።

ሁለተኛው «አራት ሰዓት፣ በሳሎኑ» ይባላል፣ የ1847 ሥራ ነው። ሳሎን ያኔ እዚሁ ሉቭር ውስጥ የሚዘጋጀው ትልቁ የሥዕል ኤግዚቢሽን ነው። ታሪኩ ቀላል ነው፦ የመዝጊያ ሰዓት ደርሷል፣ ዘቦቹ አፋቸውን ከፍተው «ሊዘጋ ነው!» እያሉ ይጮኻሉ፣ ሰዉ ግን አንገቱን ወደ ግድግዳው አንጋጦ አልሰማም ይላል። በኛ አቆጣጠር «አስር ሰዓት» ተብሎ ነበር መተርጎም ያለበት፤ ለማንኛውም። ክፍል በክፍል ፈለግኩ። የለም። ደረጃ ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ ስልኬን እያሳየሁ ጠየቅኩ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ጠቆመኝ፣ ሌላው ወደ ግራ። ሁልጊዜ ሁሉም ሥዕል አይሰቀልም፣ ብዙው መጋዘን ነው የሚውለው። እንደዚያ እየዞርኩ አምስት ሰዓት ተኩል በፈረንጅ ሲሆን አንድ ረጅም ጥበቃ ከወዲያ ማዶ ብቅ አለና እጁን እያወዛወዘ «ሊዘጋ ነው! ሊዘጋ ነው!» ማለት ጀመረ። ሌላዋ ከኋላ ተቀበለችው። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ከነኮፍያቸው ሥዕል ላይ ተደፍተው ንቅንቅ አላሉም። አንዲት እናት ልጇን በአንድ እጅ እየጎተተች በሌላው ፎቶ ታነሳለች። ሁለት ልጆች ጭራሽ ወደ ውስጥ ሮጡ። ጥበቃው ሽማግሌው ጆሮ ሥር ሄዶ ደገመላቸው። እሳቸው ሳይዞሩ ጣታቸውን ወደ ላይ አነሱ፦ አንዴ ብቻ።

ቆሜ ሳቅሁ። ሥዕሉን አላገኘሁትም፣ ግን መቶ ሰባ ምናምን ዓመት ሙሉ ሲደገም የኖረውን አየሁ። ለኔ በቂ ነው። ጥበቃው እኔንም አባረረኝ።

ማክሰኞ፣ ፓሪስ

ፓሪስ አጠገብ ያለው የቬርሳይ ቤተ መንግሥት መሄድ ነበረብኝ። ዳላስና ፓሪስ የሰባት ሰዓት ልዩነት አላቸው፣ ሰውነቴ ገና ቴክሳስ ነው፤ ስነቃ ቀኑ ግማሹ አልቋል። ቬርሳይ ያለውን ሥዕል አልጋ ላይ ሆኜ በስልክ አየሁት። የፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች ውስጥ ባርነት የቀረበትን ሚያዝያ 27 ቀን 1848 የሚያሳይ ነው፣ በ1849 የቀረበ። መሃል ላይ አንድ ጥቁር ሰው የተበጠሰ ሰንሰለቱን ወደ ሰማይ አንስቶ ሚስቱን አቅፏል። ባለሥልጣኑ አዋጁን ይዟል። ሴቶች ለነጭ እመቤቶች ተንበርክከዋል። ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ ቀለሙ ደስ ይላል፣ ደስታውም ደስታ ነው፤ ግን ያ መንበርከክ አላስደሰተኝም። የራስህን እጅ ሲፈቱልህ አመስጋኙ አንተ፣ ባለውለታው ያሰረህ። እዚያም ቅመም ጨምሯል፣ ይኼኛው ግን አልጣፈጠኝም።

ከሰዓት ፕላስ ዴ ቮዥ ወደሚባለው አደባባይ ወጣሁ። ቀይ ጡብ፣ አራት ማዕዘን፣ መሃሉ ሣር። ቁጥር 6 የደራሲው የቪክቶር ሁጎ ቤት ነበር፣ አሁን ሙዚየም ነው። ሁጎ ከቢያር ጋር ምን አገናኘው? ሴት። የቢያር ሚስት ሌዮኒ ዶኔ ትባላለች። ስፒትስበርገን አብራው ስትሄድ ገና 19 ዓመቷ ነበር፣ የተጋቡትም ከዚያ ጉዞ በኋላ ነው። እዚያ ደሴት ድረስ የሄደች የመጀመሪያዋ ሴት ተብላ ትታወቃለች፣ ጉዞዋንም በኋላ ራሷ ጽፋ አሳትማለች፣ በ1854። እና በሐምሌ 1845 ፖሊስ ከሁጎ ጋር አልጋ ላይ አገኛት። ሁጎ በዚያው ዓመት የላይኛው ምክር ቤት አባል ሆኖ ተሹሞ ስለነበር አይነካም ተብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። እሷን ሴን ላዛር እስር ቤት አስገቧት።

ቢያር በሥዕሎቹ የሚስቅባቸው ዓይነት ሰዎች አሉ አይደል፣ የተታለለ ባል፣ በር ላይ የቆመ ፖሊስ፣ ካልሲውን የሚፈልግ ታላቅ ሰው። ይህን ግን አልሣለውም። እኔም ብሆን አልሥለውም።

ማታ የብራዚል መጽሐፉን ሥዕሎች ኢንተርኔት ላይ አገላበጥኩ። ንጉሠ ነገሥቱን ዳግማዊ ፔድሮን አግኝቷል፣ አማዞን ገብቷል፣ በጉንዳንና በትንኝ መከራውን አይቷል፣ በራሱ ላይ ሲስቅ ያስቃል። ከዚያ ገጽ ስትገልጥ በጥቁሮቹና በአገሬው ተወላጆች ላይ ይስቃል። ያኔ ሳቁ ይለያል። ዳላስ ባለው ሥዕል የሚንሸራተቱት እመቤቶች ነገ ፊታቸውን ታጥበው እንደገና እመቤት ይሆናሉ። እዚህ ግን የተሳቀበት ሰው ምንም የሚመለስበት ክብር አልተሰጠውም። ስልኬን ዘጋሁ።

ረቡዕ፣ ዲዬፕ

ከሴን ላዛር ባቡር ጣቢያ ተሳፍሬ (ያው ስሙ ነው፣ እስር ቤቱ ሌላ ቦታ ነበር) ሩዋን ላይ ቀይሬ ዲዬፕ ገባሁ። ባሕር! እኛ ደጋ ያደግን ሰዎች ባሕር ስናይ የምንሆነውን ታውቃላችሁ። ዳርቻው አሸዋ የለውም፣ ጠጠር ነው፤ ማዕበሉ ሲመለስ ጠጠሩን እየጎተተ እንደ ባቄላ በሰፌድ ሲነፋ ዓይነት ድምፅ ያሰማል። ቁጭ ብዬ ያንን ድምፅ ብቻ አንድ ሰዓት ሰማሁ።

ሙዚየሙ ገደል ላይ ያለ ጥንታዊ ግንብ ውስጥ ነው። ዲዬፕ በዝሆን ጥርስ ቅርጽ የታወቀች ከተማ ነበረች፤ የዝሆን ጥርሱ ከምዕራብ አፍሪካ በመርከብ ይመጣል፣ እዚህ ቅርጽ ይወጣለታል። መርከቧ ናት፣ መስቀል ነው፣ ማራገቢያ ነው፣ ዓይን እስኪደክም ድረስ። ከዚያ ቢያር መጣ፦ የግሪንላንድ ሰዎች ዋልረስ ሲያድኑ፣ የ1841። ዋልረስ ማለት ሁለት ረጅም ጥርስ ወደ ታች የወጣለት ግዙፍ የባሕር አውሬ ነው። የበረዶ ግድግዳ፣ ከሥሩ ሰዎች በቀጫጭን የቆዳ ጀልባ ላይ ሆነው ጦር ይወረውራሉ። ሰው ትንሽ ነው፣ በረዶው ትልቅ ነው። ክፍሉ ውስጥ ከኔ በቀር የነበሩት አንድ ባልና ሚስት ናቸው። ሚስትየዋ ጥርሱን እያየች ለባሏ የሆነ ነገር አለችው፣ ባልየው የሷን ሳቅ ሰምቶ የራሱን ጥርስ ነካ። ቢያር ቢኖር እነሱን ይሥል ነበር።

ማታ ወደቡ ዳር ዓሣ በላሁ። ምን ዓይነት ዓሣ እንደሆነ አላወቅኩም፣ ግን ጣፈጠኝ፣ ደገምኩ። ይሄ ስሕተት ነበር።

ሐሙስ፣ ባሕሩ

ከዲዬፕ እስከ እንግሊዟ ወደብ ኒውሄቨን አራት ሰዓት ነው። ለእንግሊዝ መግቢያ የኤሌክትሮኒክ ፈቃዱን ዳላስ ሆኜ ነው የጨረስኩት፣ ስለዚህ ፍተሻው ቶሎ አለቀ። ወረፋው ላይ የአውሮፓ ጭነት መኪናዎች ቆመዋል። አፍንጫ የላቸውም፣ ፊታቸው እንደ ሳጥን ጠፍጣፋ ነው። ሾፌሮቹን እጄን አንስቼ ሰላም አልኳቸው። የሙያ ሰላምታ በየትም አገር ይገባል፤ አንዱ በሲጋራው መለሰልኝ።

ገባን። ምንጣፍ አለው፣ ሶፋ አለው፣ ቡና ቤት አለው። ይሄማ ሆቴል ነው አልኩ። መጀመሪያ ጥሩ ነበር። የዲዬፕ ነጭ ገደሎች ወደ ኋላ ቀሩ፣ የባሕር ወፎች ተከተሉን። ነፋሱ በረታ። እኔ ግን ብርድ ስለሆነብኝ የአባቴን ምክር ረስቼ ወደ ውስጥ ገባሁ፣ መስኮት የሌለበት ጥግ ተቀመጥኩ፣ ከዚያም የዓለም ሞኝ ሥራ ሠራሁ፦ ስልኬን አወጣሁና የዳላሱን ሥዕል እያሰፋሁ ማየት ጀመርኩ። ማስታወሻ ልጽፍ ነዋ።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። የሰው ጆሮ ውስጠኛ ክፍል ሚዛን ጠባቂ ነው፣ «እየተናወጥን ነው» ይላል። ዓይን ደግሞ ስልክ ላይ ተተክሎ «ኧረ ምንም የለም፣ ቁጭ ብለናል» ይላል። አንጎል ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተው ሆድ ላይ ይፈርዳል። ይህን ያነበብኩት በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው አፌ ውስጥ ምራቅ መብዛቱን፣ ግንባሬ ላይ ቀዝቃዛ ላብ መውጣቱን፣ የትናንቱ ዓሣ ደግሞ ወደ ባሕሩ መመለስ እንደፈለገ ነው።

ከፊት ለፊቴ የእንግሊዝ ሴቶች ቡድን አለ። ስምንት ይሆናሉ። ሁሉም ደረታቸው ላይ ሮዝ ጥብጣብ በአግድም አስረዋል፣ አንዷ ጭንቅላቷ ላይ የፕላስቲክ ዘውድ አድርጋለች። ሙሽራ ልትሆን ነው፣ ጓደኞቿ ፈረንሳይ ወስደው ሲያዝናኗት ከርመዋል። ከዲዬፕ ስንነሳ እየዘፈኑ ነበር። አሁን አንዷ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታለች። ሌላዋ የመጸዳጃ ቤቱን መንገድ በዓይኗ እየለካች ነው። ሦስተኛዋ ቆማ ልትሄድ ስትል ወለሉ ከእግሯ ሥር ሸሸ፣ ተመልሳ ሶፋው ላይ ዘፍ አለች፣ ከነጥብጣቧ። ብርጭቆ ተንሸራቶ መጣና እግሬ ሥር ቆመ። አሁን ገባኝ። ግብዣው ላይ ነኝ። ሥዕሉ ውስጥ ነኝ። ያውም ከሚያስቁት አንዱ ሆኜ።

ልጅ ሆኜ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በአውቶቡስ ስንሄድ ጣርማበር ላይ ረዳቱ ኩርቱ ፌስታል ያድል ነበር። እናቶች ሎሚ ያሸታሉ፣ ጤና አዳም አፍንጫቸው ሥር ይይዛሉ። እኔና ወንድሜ የኋላ ወንበር ላይ ሆነን ማን ቀድሞ እንደሚያስመልስ እንወራረዳለን። ቀይ ነጠላ የለበሱት ሴትዮ፣ በለው! አንድ ጊዜ አንዲት አሮጊት ዞር ብለው አይተውን ነበር። ምንም አላሉም። ዓይናቸው ዛሬ ትዝ አለኝ።

ተነሳሁ። ቡና ቤቱ ጋ ደረስኩ ማለት ይቻላል፣ ግማሹን በመሄድ ግማሹን በመንሳፈፍ። «ሎሚ» አልኩት ልጁን። የመጠጥ መስሎት የሚጨምርበትን ጠየቀኝ። «ምንም። ሎሚ ብቻ።» ቁራጭ ሎሚ በናፕኪን ሰጠኝ። አፍንጫዬ ሥር ያዝኩት። ለአምስት ደቂቃ ሠራ። ከዚያ መሥራት አቆመ።

ያዳነችኝ ሙሽራዋ ናት። ፊቷ እንደ ወረቀት ነጥቷል፣ ዘውዱ ወደ ጆሮዋ ዘምሟል፣ ግን ከቦርሳዋ ሁለት የወረቀት ከረጢት አውጥታ አንዱን ለኔ ዘረጋችልኝ። አመሰገንኩ ብል ውሸት ነው፣ አፌን ለመክፈት አልደፈርኩም። ጊዜውም አልነበረም። እኩል ጎንበስ አልን፣ እሷም እኔም። ቀና ስንል ዓይን ለዓይን ተጋጨንና ሁለታችንም ሳቅን፣ እንባችን እየወረደ።

ከዚያ ላይ ወጣሁ። ዝናቡን ችዬ፣ ብረቱን ጨብጬ፣ አባባ ያሉትን መስመር እያየሁ። ግራጫ ሰማይ፣ ግራጫ ባሕር፣ መሃላቸው አንድ ቀጭን ክር። ያቺ ክር አትንቀሳቀስም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሆዴ ተቀመጠ። እንግሊዝ በነጭ ገደሎቿ ብቅ ስትል ሎሚው አሁንም እጄ ውስጥ ነበር። ለንደን ማታ ገባሁ። አልጋው ሌሊቱን ሙሉ ሲወዛወዝ አደረ።

ዓርብ፣ ሃል

ከለንደኑ ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። ሃል የወደብ ከተማ ናት፤ የስልክ ዳስዋ ቀይ ሳይሆን ነጣ ያለ ነው። አሮጌው ከተማ ውስጥ የዊልበርፎርስ ቤት አለ። የባሪያ ንግድን ለማስቀረት በእንግሊዝ ፓርላማ ዕድሜውን የታገለው ዊልያም ዊልበርፎርስ በ1759 የተወለደበት ነው። ቤቱ አሁን ስለ ባርነት የሚያሳይ ሙዚየም ነው፣ መግቢያው ነፃ። የመጣሁት ለዚህ ነው። ቢያር በ1830ዎቹ መጀመሪያ የሣለው «የባሪያ ንግድ» እዚህ አለ።

የምዕራብ አፍሪካ ባሕር ዳርቻ ነው። መሃል ላይ አንድ ሰው መሬት ላይ በጀርባው ተጋድሟል፣ ገዢዎቹ ከበውት እንደ ከብት ይመረምሩታል። አንዲት ሴት በጋለ ብረት ምልክት ይደረግባታል። አንዱ ነጭ መዝገብ ይዞ ይጽፋል፣ ፊቱ ላይ ጥላቻ የለም፣ ድካም ነው ያለው፣ እንደ መጋዘን ጸሐፊ። ጥቁር ሻጮችም አሉበት። ከጀርባ ጀልባ፣ ውሃ።

ከሁሉ የያዘኝ ያ ጸሐፊ ነው። ያው የቢያር ሰው ነው እኮ! በሌላ ሥዕል ቢሆን ኖሮ ብዕሩ ይንጠባጠብ ነበር፣ ኮፍያው ይወድቅ ነበር፣ ልጄ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። የዕለት ተዕለት ሰውን የማየት ዓይኑ እዚህም አልተለየውም፣ ግን ሳቁን ነጥቆታል፣ የቀረው ሥራውን የሚሠራ ሰው ነው። በዋልታው ሰማይ ላይ የጨመረውን ቅመም እዚህ አልጨመረም ብዬ አልምልም። ከሻጭ እስከ ገራፊ ሁሉን አንድ ቦታ ማጨቁ ራሱ የቲያትር ሰው ሥራ ነው። ግን ሠርቷል። ሥዕሉ በ1840 ለንደን በሮያል አካዳሚ ቀረበ፣ በዚያው ኤግዚቢሽን የእንግሊዛዊው ሠዓሊ የተርነር ሥዕልም ነበር፣ ባሪያዎች ከመርከብ ወደ ባሕር የሚጣሉበት። በዚያው ዓመት በሰኔ ለንደን ላይ የፀረ ባርነት ትልቅ ጉባኤ ተደርጓል። ዛሬ ሁሉም የተርነርን ያውቃል። ያኔ ግን ለፀረ ባርነት ታጋዩ ለቶማስ ፋውል በክስተን የተሰጠው የቢያር ነው። ያን ጊዜ የቢያር አገር ፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶቿ ውስጥ ገና ባሪያ ትገዛ ነበር፣ እስከ 1848።

እንዴት ነው ታዲያ ይኼን የሣለ ሰው ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ብራዚል ሄዶ በባሪያዎች የሚስቀው? ሥዕሉ ፊት ብዙ ቆምኩ፣ መልስ አላገኘሁም። አንድ የትምህርት ቤት ቡድን መጣ። ሕፃናቱ ሲንጫጩ ነበር፣ እዚህ ሲደርሱ ዝም አሉ። አንድ ልጅ ብቻ ሴትየዋን እያየ መምህሩን «ያማታል?» ሲል ሰማሁት።

ስወጣ ዝናብ ነው። በር ላይ ቆሜ አባባ ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ የትናንቱን ነገርኳቸው፣ የሎሚውን፣ የሙሽራዋን። ሳቃቸው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «ከሾፌርነት ወደ ተሳፋሪነት!» አሉ። «ታች ወርደህ ነው አይደል? ነግሬህ ነበር።» ከዚያ የዛሬውን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ።

«ሰውዬው ራሱ በመርከብ ሄዷል አልከኝ?» አሉ።

«አዎ፣ የባሕር ኃይል አስተማሪ ነበር።»

«ጀልባውን ሣለው?»

«ከሩቅ። ውሃው ዳር።»

«ከወለሉ በታች ያለውንስ?»

«አልሣለውም፣ አባባ።»

ትንሽ ቆዩ። «እኔ ሞተር ክፍል ስሠራ መስኮት የለም» አሉ። «መጀመሪያ ሰሞን ሞት ያምርሃል። ግን ተረኛው ሲመጣ መሰላሉን ወጥተህ መስመሩን ታያለህ፣ ያልፍልሃል። እነዚያ ስንት ቀን ነበር የሚሄዱት?»

«ሳምንታት። አንዳንዴ ሁለት ወር ያልፋል።»

«በሰንሰለት?»

«በሰንሰለት።»

ስልኩ ውስጥ የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል፣ አዲስ አበባ ማታ ነው።

«የት ነህ አሁን?» አሉ።

«ሙዚየሙ በር ላይ።»

«ዝናብ አለ?»

«አለ።»

«ግባ በል፣ ይበርድሃል።»